መጫኛዋን ያልጣለችው አህያ

ተረት ልነግራችሁ ነው። «የላም በረት» የሚለውን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ፤ የዛሬው ስለ አህያ ነው፣ ያውም ስለምታናድድ አህያ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም ሲናገር በነበረበት ጊዜ፣ ሸክም የሰለቻት አንዲት አህያ ነበረች። አንድ ቀን ጌታዋ እህሉን አራግፎ ውሃ ሊጠጣ ገባ ሲል፣ «በቃኝ! ማንም ወደማያውቀኝ አገር ሄጄ እንደ አዲስ እኖራለሁ» ብላ እብስ አለች። ጭነት የሚታሰርበት የጠፍር መጫኛዋም ወገቧ ላይ እንደተጠመጠመ አብሯት ሄደ።

ጥቂት እንደሄዱ መጫኛው፣ «እመት አህዪት፣ እኔንም ጣይኝ እንጂ» አላት።

«ለምን?»

«ጭነት ከተውሽ መጫኛ ምን ያደርግልሻል? እኔም እኮ በሬ ነበርኩ። ሞቼ እንኳ አላረፍኩም።»

«ተው እባክህ፣ አንድ ቀን ብታስፈልገኝስ?»

መጀመሪያ አንድ ወፍጮ ቤት ደረሱ። ባለወፍጮው ገና መጫኛውን ሲያይ፣ «ጉድ በል! ከነመጫኛዋ መጣችልኝ!» ብሎ ዱቄት ጫነባት።

«አላልኩሽም?» አለ መጫኛው።

ስንት መከራ አይታ አመለጠች።

«አሁንስ ትጥይኛለሽ?»

«ብታስፈልገኝስ?»

ሁለተኛ አንዲት ሸክላ ሠሪ ደጅ ደረሱ። ሴትዮዋም መጫኛውን አየች፤ ማሰሮዎቿን ደርድራ ጫነችባት።

«አላልኩሽም?»

«ዝም በል! የኔ ዕድል ነው!»

«ዕድልሽ አይደለም፣ እኔ ነኝ! ጣይኝ!»

ከዚያም አመለጠች። መጫኛውን ግን አልጣለችም። እኔ እሱን ብሆን ራሴን በጥሼ እገላገል ነበር።

በሦስተኛው ቆላ ወርደው ከሜዳ አህዮች ዘንድ ደረሱ። አሮጊቷ የሜዳ አህያ፣ «እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እዚህ የሚጭንም የሚጫንም የለም፤ ሣሩም ውሃውም የሁላችንም ነው። ወገብሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለቻት።

«መጫኛዬ ነው።»

«እዚህ ምን ይሠራልሻል?»

«ካልተመቸኝ ምን ይዤ እመለሳለሁ?»

«ወይ ጣጣ! ገና ሳትቀመጪ መመለሻሽን ታስቢያለሽ? ስሚ፣ ጅብ ሲመጣ እንሮጣለን። ይሄ ነገር እንጨት ላይ ይይዝሻል፤ ጣይው።»

«እሺ፣ ነገ እጥለዋለሁ።»

በማግስቱም «ነገ» አለች። በሌላውም ቀን «ነገ» አለች።

አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ጅብ መጣ። የሜዳ አህዮቹ ሽው አሉ። እሷም ሮጠች፤ ግን መጫኛዋ አንድ ግራር ላይ ተጠለፈና ቀጥ አድርጎ ያዛት።

«ቋጠሮዬ ልል ነው! በኃይል ሳቢ፣ ይፈታልሻል!» ብሎ ጮኸ መጫኛው።

«አንተን ጥዬማ አልሄድም!»

«ኧረ በፈጠረሽ! ሂጂልኝ!»

የጅቡ ትንፋሽ ጭራዋ ላይ ሲደርስ ደንግጣ ዘለለች፤ ቋጠሮው ተፈታ፤ ነፍሷን ይዛ በረረች። መጫኛው ግራሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። «እፎይ፣ ተገላገልኩ፤ እሷም ተገላገለች» አለ።

ጅቡ ግን አልሄደም። ከግራሩ ሥር ጋደም ብሎ አደረ።

ሊነጋጋ ሲል መጫኛው ጨነቀው። «አያ ጅቦ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«አህያዋን።»

«እሷማ አምልጣለች። ሣር አላት፣ ውሃ አላት፣ ወገን አግኝታለች። እዚህ ምን ልትሠራ ትመጣለች? ይልቅ ቤትህ ግባ።»

ጅቡ እውነት መሰለው፤ ተነሣ፤ አቧራውን አራገፈ። ሊሄድ ፊቱን ሲያዞር ከሣሩ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፦

«እባካችሁ፣ መጫኛዬን ያያችሁ?»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። መሄድ የፈለገ ይሂድ፤ እኔ ማንንም አልከለክልም። ከሄደ ግን ይሂድ! ያቺን አህያ ያስበላት መሄዷ አይደለም፤ ለመመለሻ ብላ የያዘችው ነው።

ተረቴ ይኸው ነው። መልሱልኝ አልልም፤ ደግሜ ብሰማው እንደገና እናደዳለሁ።