የባልና የወንድም ዳኛ

፦ ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

ምነው ድምፃችሁ? እራት አልበላችሁም እንዴ? እስቲ ከአንጀት በሉት። ተረት ተረት!

፦ የላም በረት፣ ጥጃም አለበት!

እንዲህ ነዋ! ጥጃ ያለበት በረት ወተት አያጣም። በሉ ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ ሰው ሲጣላ ዳኛ ፍለጋ በእግሩ በሚሄድበት ዘመን፣ እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። እንጉዳይ ባል ነበራት፣ ወንድምም ነበራት። ባሏ ቢተው ይባላል። ስሙ ቢተው ይሁን እንጂ አንዲት ነገር እንኳ ትቶ አያውቅም። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ቸኮል ይባላል። የእሱስ ስም ልኩ ነው። ሁለቱም ሸጋ ገበሬዎች ነበሩ። ግን በአንደበታቸው ይኮሩ ነበር። በዚያ ዘመን ችሎት ፊት ቆሞ ነገሩን በግጥም አሳምሮ የሚሟገት ሰው እንደ ጀግና ይታያል። እነዚህም «ነገር አዋቂ» መባልን ከምንም በላይ ይወዱ ነበር። አፍ ብቻ! ጆሮ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

ማሳቸው ጎን ለጎን ነው። ሁለቱንም የሚያጠጣው አንድ ቦይ ነው። ውኃው መጀመሪያ በቸኮል ማሳ ያልፍና ከዚያም ወደ ቢተው ይወርዳል። ተራ ገብተው ያጠጣሉ። የቢተው ማሳ እንኳ የራሱ ርስት አይደለም። የእንጉዳይ ነው፣ ካባቷ የደረሳት። የቢተው አባት መሬት ያልነበራቸው ድሃ ነበሩ።

ታዲያ አንድ በጋ ቢተው ለአባቱ ተዝካር ብሎ ነጭ ሽንኩርት ተከለ። ተራው በደረሰ ዕለት ማልዶ ወጥቶ ውኃ ቢጠብቅ፣ ውኃ የለም። ቢጠብቅ፣ የለም። ሽቅብ ቢወጣ ቦዩ በቸኮል ማሳ ላይ በድንጋይና በጭቃ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ደሙ ፈላ። ገበያተኛ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቆሞ ጮኸ።

፦ ሌባ! የውኃ ሌባ! ውጣ!

ቸኮል ከቦዩ ዳር ካለው ቤቱ ወጣ። ሌባ ተብሎ ተጠርቶ ዝም የሚል የት አለ?

፦ እኔን ነው ሌባ? አንተ በሚስትህ መሬት የምታርስ! አባትህ በሰው ማሳ ቃርሚያ ሲለቅም ኖሮ የሞተ!

ኧረ እናንተዬ! የሞተ አባት ይነሣል? ያውም ተዝካሩ ሳይወጣ? ቢተው ዱላውን ጥሎ ጩቤውን መዘዘ። ቸኮልም መጥረቢያ አነሣ።

እንጉዳይ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ደረሰች። ጩቤውንና መጥረቢያውን አየች። ቢተው ቢገድል ወንድሟ ይቀበራል፣ ባሏ ይሸፍታል። ቸኮል ቢገድል ባሏ ይቀበራል፣ ወንድሟ ይሸፍታል። በየትም በኩል ቢሆን ሁለቱንም ታጣለች። ልጆቿም ካጎታቸው ልጆች ጋር ደመኛ ይሆናሉ። ታዲያ ምን አደረገች? አላለቀሰችም። ተረጋጉም አላለችም። የተቆጣን ሰው ተረጋጋ ማለት በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። መሃላቸው ገባችና፦

፦ በሕግ አምላክ! አለች።

በዚያ ዘመን «በሕግ አምላክ» ከተባለ የሚሮጥ ይቆማል፣ የተነሣ እጅ ይወርዳል። እጃቸው ወረደ። ከዚያም የባሏን ጋቢ ጫፍ ከወንድሟ ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠረችው። ይህም የዘመኑ ሥርዓት ነው። የተካሰሰ ሰው እንዲህ ተቋጥሮ ነው ዳኛ ዘንድ የሚሄደው። ዳኛ ሳይፈቅድ ቋጠሮውን የፈታ ይፈረድበታል።

፦ በሉ ወደ ዳኛ። እኔም ስንቅ ይዤ እከተላችኋለሁ፣ አለች።

ሄዱ። ዳኛው ያለው ከገደል ማዶ ነው። ምን ያለ ጉዞ መሰላችሁ! አንዱ ሲፈጥን ሌላው ይጎተታል። አንዱ እሾህ ለመንቀል ሲቆም ሌላው ይደናቀፋል። አፋቸው ግን አላረፈም። ቢተው ለችሎት ያሰበውን ግጥም እያጉተመተመ ይሄዳል። ቸኮልም በጎኑ የራሱን ያጉተመትማል። እንጉዳይ ከኋላ ሆና ሰማችና ገረማት። ተቋጥረው፣ ትከሻ ለትከሻ እየሄዱ፣ አንዱ የሚለውን ሌላው አይሰማም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ አንድ ሾላ ሥር ደረሱ። እዚያም ጨው የጫነ ነጋዴ አገኙና «የመንገድ ዳኛ ሁንልን» ብለው ያዙት። ደንብ ነው፣ ከተጠየቀ መንገደኛም ይዳኛል። ሰውየው ተቀመጠ። እነሱም እኩል ጀመሩ። ይህም ይጮኻል፣ ያም ይጮኻል፣ አህዮቹ ሳይቀሩ በረገጉ። ነጋዴው ብድግ አለና፦

፦ በጊዮርጊስ! እናንተን ከመዳኘት ሁለት ጅብ ማስታረቅ ይሻለኛል! ብሎ አህዮቹን ነድቶ እብስ አለ።

ያን ጊዜ እንጉዳይ፦

፦ እንግዲያው እኔ ልዳኛችሁ፣ አለች።

ሁለቱም ሳቁ። ከጠዋት ጀምሮ አብረው የሠሩት ነገር ቢኖር ይሄ ሳቅ ነው።

፦ አንቺ? አለ ቢተው።

፦ ምን አለበት? ላንተ ሚስት ነኝ፣ ለእሱ እህት ነኝ። ለማን ላዳላ? ደግሞም ስንቁ ያለው እኔ ዘንድ ነው። ዳኛ ካልተሾመ በሶ አይበጠበጥም።

አይ እንጉዳይ! ሆዳቸው ጮኸባቸውና ተስማሙ። መጀመሪያ ውኃ አጠጣቻቸው። ከዚያም በሶውን በአንድ ቅል በጥብጣ ሰጠቻቸው። ቀመስ ያደረገ ሰው ጆሮው ይከፈታል። ይህን በእናንተም አይቻለሁ። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። በጣም ዝቅ ስላደረገችው ሁለቱም ለመስማት ጎንበስ አሉ።

፦ ከሁለታችሁ ነገር አዋቂው ማነው?

፦ እኔ! አለ ቢተው።

፦ እኔ ነኝ እንጂ! አለ ቸኮል።

፦ እንይዋ። የራሱን ነገርማ ሕፃን ልጅም ያሳምራል። ነገር አዋቂ ማለት የባላጋራውን ነገር ቆሞ አሳምሮ የሚሟገት ነው። ስለዚህ ቢተው ለቸኮል ይሟገት፣ ቸኮልም ለቢተው ይሟገት። ባለ ጉዳዩ «አዎ፣ ነገሬ ይህ ነው» ካላለ ግን አይቆጠርም። ያሸነፈውን አገር ሁሉ ነገር አዋቂ እንዲለው እኔው አስወራለታለሁ።

አያችሁ ብልሃቷን? ታረቁ አላለቻቸውም። በሚወዱት ነገር ያዘቻቸው። እኔ እንዲህ ያለችውን ሴት ባገኛት እጇን እስም ነበር።

ቢተው ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

፦ እኔ ቸኮል፣ የውኃ ሌባ…

፦ ነገሬ ይህ አይደለም! አለ ቸኮል።

፦ አልተቆጠረም፣ አለች ዳኛይቱ።

ቢተው በገነ። የበገነው በቸኮል አይደለም፣ በመሸነፉ ነው። ወደ ቸኮል ዞረና እንደ እውነተኛ ጠበቃ ጠየቀው፦

፦ ታዲያ ምን ልበልልህ? ቦዩን ለምን ዘጋኸው?

እስቲ ልብ በሉ። ከጠዋት ጀምሮ ይህን አልጠየቀውም ነበር።

፦ ጎህ ሲቀድ የቦዩ ዳር ተናደ፣ አለ ቸኮል። ውኃው ቤቴ ገባ። ሚስቴ አራስ ናት፣ የተኛችበት መደብ ድረስ ደረሰ። እሷንና ሕፃኑን አውጥቼ ቦዩን ከላይ ጠረቀምኩት። ልነግርህ ስነሣ አንተው መጣህ።

፦ እና ለምን አልነገርከኝም?

፦ ሌባ ብለህ ጀመርካ! ሌባ የተባለ ሰው ምን ያስረዳል?

ቢተው ወደ ዳኛይቱ ዞረ። ከዚያም ተሟገተ። አራሷን አነሣ፣ የራሰውን መደብ አነሣ፣ ሕፃን ታቅፎ ጭቃ ውስጥ የቆመውን አባት አነሣ። መቼም ቃል ማሳመሩን ያውቅበታል! «ልጄን ላውጣ ወይስ የሰው ተራ ላክብር?» ባለ ጊዜ ቸኮል ዓይኑን በጋቢው ጠረገ።

፦ አዎ፣ ነገሬ ይህ ነው። እኔ ራሴ እንዲህ አላሳምረውም ነበር፣ አለ።

ተራው የቸኮል ሆነ። እሱም ጠየቀ፦

፦ ለሽንኩርት ብለህ ይህን ያህል ለምን ተቆጣህ?

፦ ሽንኩርቱስ ይቅር። አባቴን ለምን ነካህ?

፦ እሺ፣ ስለ አባትህ ምን ልበል?

ቢተው መሬት መሬት እያየ መለሰ፦

፦ መሬት አልነበራቸውም በል። ይህ ቦይ ሲቆፈር ግን ከባለ ርስቶቹ እኩል ቆፈሩ በል። የሚያጠጡት ስንዝር መሬት ሳይኖራቸው፣ ሰው ይጠቀም ብለው። እኔ ልጅ ሆኜ ምሳቸውን ሳደርስ መዳፋቸው ሲደማ አይቻለሁ። ይህን በል።

ቸኮል ሊናገር ቆመ። «እኔ ቢተው…» አለ። «አባቴ…» አለና ቀረ። ግጥም የማያልቅበት ያ ሰው ቃል አጣ። በዚያ ቦይ ዳር ነው ያደገው። በዚያ ውኃ ነው ልጆቹን ያበላው።

፦ ዳኛ፣ አልችልም። ተሸነፍኩ፣ አለ።

፦ አልተሸነፍክም፣ አለ ቢተው። ነገሬ ይሄው ነው።

እንጉዳይ ቋጠሮውን ፈታችና ፍርዷን ሰጠች፦

፦ ስድቡ በሰው ፊት ነበር፣ ካሳውም በሰው ፊት ይሁን። ቢተው፣ ሌባ ባልክበት መንገድ ላይ ቆመህ «ተሳስቻለሁ» በል። የተናደውንም አብራችሁ ጠግኑ። ጋሼ ቸኮል፣ አንተ ደግሞ በተዝካሩ ቀን የቢተውን አባት በሰው ፊት አንሣቸው።

ቢተው በነጋታው ገበያተኛ ፊት ቆሞ «ተሳስቻለሁ» አለ። ቦዩንም ጠገኑት። የተዝካሩም ቀን ደረሰ። ካህናቱ ባረኩ፣ ጠላው ተቀዳ፣ እንግዳው ሁሉ ተሰበሰበ። ቸኮል ተነሣ። አገር ሁሉ ግጥም ጠበቀ። እሱ ግን ግጥም አልገጠመም።

፦ እኔ እኚህን ሰው ቃርሚያ ለቃሚ ብዬ ሰድቤያቸዋለሁ፣ አለ። ቦዩን የቆፈሩት እሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ የበላሁት እሳቸው በደከሙበት ነው። ቃርሚያ ለቃሚው እኔ ነኝ።

ቢተው ተነሥቶ የቸኮልን ትከሻ ሳመ። ሽማግሌዎቹም ከንፈራቸውን መጠጡ።

እንጉዳይ ግን ወደ ጓሮ ዞረችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አንዲት ጎረቤቷ አየቻትና ደነገጠች፦

፦ ምነው እቴ? ሰዎችሽ ታርቀውልሽ፣ ዛሬ ምን ያስለቅስሻል?

፦ ያን ቀን ባለቅስ ማን ይይዛቸው ነበር? ለማልቀስ ጊዜ ያገኘሁት ገና ዛሬ ነው፣ አለች እንጉዳይ።

በሉ፣ ተረቴ በጆሯችሁ ገባ፣ አፌ ግን ባዶውን ቀረ። ተረቴን ወስዳችሁ አፌን በዳቦ ሙሉልኝ። ጠርዙን አይደለም ታዲያ፣ ጥርስ የለኝም፣ መሃሉን!