አያ ሽባባውና የቀጨሞው ዳኛ

አያ ሽባባውን የሚያስታውሱ አዛውንት ዛሬም ስማቸው ሲነሳ ገና ወሬው ሳይጀመር ይስቃሉ። የቀጨሞ አጥቢያ ገበሬ ነበሩ፤ ከአንድ ጥማድ በሬና ከምላሳቸው በቀር ሀብት አልነበራቸውም። አባቴ ከጎረቤቶቻቸው ሰምቶ ያወራኝን ነው የምነግራችሁ።

በዚያ ዘመን የአጥቢያ ዳኛ የሚመረጠው በሰልፍ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ ሕዝቡም ከወደደው ሰው ኋላ ይሰለፋል። ቀኛዝማች ዘገየ የሚባሉ ባለርስት ዳኝነቱን ቋምጠው ኖሮ፣ በምርጫው ዋዜማ ሰንጋ ጥለው አገሩን አበሉ። አያ ሽባባውም ጥሬ ጥብስ ሳይሉ በሉ። በማግስቱ ግን ሄደው ከሌላው ተወዳዳሪ ኋላ ቆሙ።

«አንተ ሽባባው! ትናንት ሥጋዬን በልተህ ዛሬ ከማን ኋላ ነው የቆምከው?» ብለው ቀኛዝማች ጮኹ።

«ጌታዬ፣ የበላው ሆዴ ነው፤ እግሬ አልቀመሰም።»

የሌላው ሰው እግር ግን ከሆዱ ጋር ተስማምቶ ነበርና ቀኛዝማች ዘገየ ተመረጡ።

አዲሱ ዳኛ ምሳ በልተው ችሎት የተቀመጡ እንደሆነ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። አንድ ቀን አያ ሽባባው በመስኖ ውሃ ተራ ከጎረቤታቸው ጋር ተካሰው ቃላቸውን ሲሰጡ፣ ዳኛው ማንኮራፋት ጀመሩ። አያ ሽባባው ንግግራቸውን አቋርጠው ዝም አሉ። ዝምታው ቀሰቀሳቸው መሰለኝ ዳኛው ብንን ብለው፣ «እህ፣ የት ደረስን?» አሉ።

«እኛስ እዚሁ ነን፤ እርስዎ የት ደርሰው ተመለሱ?»

ነገሩ የከረረው በወይዘሮ አንጓች ጊዜ ነው። ባላቸው ሞቶባቸው ብቻቸውን የቀሩ ሴት ነበሩ። የዳኛው ሚስት ወንድም ታከለ የወሰን ድንጋዩን ገፍቶ የገብስ ማሳቸውን እኩሌታ ወሰደባቸው። ቢከሱት ሦስት ምስክር አቆመ። ሦስቱም፣ «ድንጋዩ አርባ ዓመት ከቦታው አልተነቃነቀም» ብለው ማሉ።

«እኔ ሰው የለኝም፤ ማን ይመስክርልኝ?» ብለው አንጓች አለቀሱ።

አያ ሽባባው ከሕዝቡ መሀል ብድግ አሉ። «ጌታዬ፣ ማሳው ቅርብ ነው፤ ሄደን እንየው» ሲሉ፣ ሕዝቡም «ይታይ! ይታይ!» አለ። ዳኛው እየከበዳቸው ተነሱ። እቦታው እንደደረሱ አያ ሽባባው ድንጋዩን በዱላቸው ፈንቅለው ገለበጡት። ከሥሩ የተጋደመ ለምለም ገብስ ታየ።

«አርባ ዓመት ድንጋይ ተጭኖት ያልደረቀ ገብስ! እባክህ ታከለ፣ ዘሩን ለአገር አካፍል።»

ምስክሮቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ዳኛው ሳይወዱ በግድ ለአንጓች ፈረዱ፤ ሴትዮዋም ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው እንደገና አለቀሱ፣ አሁን ግን በደስታ። ዳኛው ወደ አያ ሽባባው ዞረው፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ባለሁበት ቃል ብትተነፍስ እስር ቤት ትወርዳለህ!» አሉ። አያ ሽባባው እጅ ነስተው ሄዱ።

የዳኛው ዘመን ሊያልቅ ሲቃረብ ከወረዳ አንድ ሹም መጡ። ቀኛዝማች እንደገና ለምርጫ ይቅረቡ ወይስ ይቅሩ የሚለውን ከሕዝቡ አፍ ሊሰሙ ነው። ዳኛው ከጎናቸው ተቀምጠዋልና የሚተነፍስ ጠፋ፤ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ሹሙ አያ ሽባባውን፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» ቢሏቸው፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ዳኛው አመለከቱ።

«እኔ ፈቅጄልሃለሁ፤ ሳትፈራ ተናገር» አሉ ሹሙ። «ዳኛችሁ እውነትን ይወዳሉ?»

«አዬ ጌታዬ! እንደ ሙሽራ ነው እንጂ የሚሳሱላት! ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ሸፋፍነው አስቀምጠዋት፣ ፊቷን ያየ ሰው የለም።»