ትብለጥና የሸክላው አፈር

ትብለጥን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አልቀዋል። አነጋገሯ ግን አልጠፋም፤ ሲወራ የኖረው እንዲህ ነው።

ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ባሏ የሞተባት። ሀገሩ ከድስቷ ይበላል፣ ከእንስራዋ ይጠጣል። እሷን ግን ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ሰው ይበላል እያለ ከደጃፍ አያሳልፋትም። ጠላ የሚሰጧት በተሰበረ ቅል ነው፤ ጠጥታ ስትጨርስ ቅሉ ይጣላል።

አንድ ጊዜ የጭቃ ሹም ደምለው ሚስት ወይዘሮ አስካለ ተዝካር ደገሱ። ትብለጥ ያዘዟትን ድስት ተሸክማ ብትመጣ በር ላይ አስቆሟት።

«እዚያው ቁሚ፤ ዓይንሽ ወጡ ላይ እንዳያርፍ።»

«እሜቴ፣ ዓይኔን ከፈሩ፣ እጄ የጠፈጠፈውን እንዴት ደፈሩት?»

ድስቱን ተቀብለው በሩን ዘጉ።

አፈር የምትቆፍረው ከመንደሩ በላይ ካለው ተረተር ነበር። እናቷም አያቷም ከዚያው ቆፍረዋል። ጭቃ ሹሙ ተረተሩን አጠሩና ከአራት ሸክላ አንዱን ካላመጣሽ አትቆፍሪም አሏት። ከሰሰች። ዳኛው ዋርካ ሥር ተቀምጠው፣ እንስራ ሙሉ ውሃ አጠገባቸው አድርገው ሰሟት።

«ሸክላ ሠሪ ርስት የላትም። አፈሩ የጭቃ ሹሙ ነው።»

«እንግዲያውስ ጌታዬ፣ አጠገብዎ ያለውንም እንስራ ያስረክቧቸው። ከዚያው አፈር ነው የወጣው።»

ዳኛው ሳቁ። ፍርዱ ግን እንዳለ ጸና፤ ትብለጥም ከአራት አንዱን ስትገብር ኖረች።

አብዮቱ መጣ። ቡዳ ብሎ የተሳደበ ይታሰራል ተባለ። ከከተማ የመጣው ካድሬ ትብለጥን በስብሰባ መሀል ጠርቶ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጣት። አጠገቧ የነበሩት አንድ በአንድ እየተነሡ ዳር ሄደው ቆሙ። ካድሬው ንግግሩ ላይ ነበርና አላያቸውም።

«ከዛሬ ጀምሮ ሁላችን እኩል ነን። አይደለም እንዴ፣ እናቴ?»

«ነው እንጂ፣ ጓድ። ሰዉስ አዋጁን ሰምቷል፤ ያልሰማው ይሄ አግዳሚ ነው።»

መሬት ሲደለደል ተረተሩን ጠየቀች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የትናንቱ ጭቃ ሹም ደምለው ነበሩ፤ ካባቸውን ጥለው ካኪ ለብሰዋል። «መሬት ላራሹ ነው። ሴት ደግሞ ሞፈር አትጨብጥም» አሏት። ወደ ሴቶች ማኅበር ሄደች። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ አስካለ፣ «ይሄ የባለ እጆች ጉዳይ ነው» ብለው ሰደዷት። ባለ እጆቹ፣ ቀጥቃጮቹና ሸማኔዎቹ፣ «እኛ የምንመዘግበው አባወራ ነው» አሏት።

ካድሬው ዘንድ ተመለሰች። ቅጽ አወጣ።

«ተረተሩን ላስመልስልሽ እችላለሁ። ቅጹ ግን የሚቀበለው አንድ ምክንያት ነው። የተበደልሽው በሴትነትሽ ነው ወይስ በሸክላ ሠሪነትሽ? አንዱን ምረጪ።»

«ጓድ፣ ጭቃ ሹሙ ሲነጥቁኝ የቷ ነሽ ብለው አልጠየቁኝም፤ ሁለታችንንም ነው የነጠቁን። ስትመልሱልን ለምን ታስመርጡኛላችሁ?»