አሥራ ሁለት ሸክም ሣር

አንድ ጊዜ ጅብ ክረምት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የገዛ ቤቱን አፈረሰ።

ቤቱ ክፉ አልነበረም። ከመኝታው በላይ ሁለት ክንድ የምታህል ቦታ ብቻ ታፈስ ነበር። ጅብ በጋውን ሙሉ አሥራ ሁለት ሸክም ሣር አጭዷል፤ ለደቦው ምሳም አንድ ሙክት ፍየል አርዶ ሰቅሏል። ሌላ ጥሪት አልነበረውም።

ጎረቤቱ አህያ ከሩቅ ቆማ ጣሪያውን አየች።

«አያ ጅቦ፣ ለዚህ አራት ሸክም ይበቃል። ሦስቱ ለሚታየው ቀዳዳ፣ አንዱ ለማይታየው።»

«እመት አህያ፣ የማይታየውን በምን አየሽው?»

«አላየሁትም። ምስጥ ግን ሳይታይ ነው የሚበላው።»

«የኔ ቤት አንቺን ምን አገባሽ?»

«አንተ ደረቅ መኝታ ካለህ እኔ በር ላይ አታድርም» ብላ ሄደች።

ጅብ ሊስማማ ሲል ቀበሮ መጣች።

«መጠገን? እንዳንተ ያለ ጌታ? አፍርሰህ የአንበሳን ቤት የሚያህል ሥራ እንጂ!»

«ስንት ሸክም ይፈጃል?»

«ስንት አለህ?»

«አሥራ ሁለት።»

«ልክ አሥራ ሁለት ይፈጃል!»

«ይገርማል!» አለ ጅብ። «ሳይተርፍ፣ ሳይጎድል!»

ቀበሮ ለምክሯ የፍየሉን አንድ ጭን ተቀብላ ሄደች። ጅብም ያንኑ ቀን ጣሪያውን ገነጠለ።

በማግስቱ ነብር፣ ተኩላና አነር ለደቦ መጡ። አሮጌው ምሰሶ ሲነካ ዱቄት ሆነ፤ ምስጥ ጨርሶታል። አዲስ ምሰሶ ሲቆርጡ ረፈደ። ሰፊውን ቤት መክደን ሲጀምሩ አሥራ ሁለቱ ሸክም ሩቡን እንኳ ሳይሸፍን አለቀ።

«ግድ የለም» አለ ነብር። «ምሳ እንብላና ሣር እናጭድልሃለን።»

ጅብ አንገቱን ደፋ። «ጨው በቅቶት እንደሆነ ብዬ ቀመስኩት።»

«ቀምሰህ ነው ያለቀው?»

«በየቦታው ነው የቀመስኩት።»

«አጥንቱስ?»

«አጥንቱም ጨው ዘልቆት እንደሆነ ብዬ…»

እንግዶቹ ባዶ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ሄዱ።

ሰማዩ ጠቆረ። አህያ ስትመጣ ጅብ ጣሪያ በሌለው ሰፊ ቤቱ መሐል ቁጭ ብሏል።

«ተኝተህ ስንት ክንድ ትሆናለህ?» አለችው።

«ጅራቴን ጨምሮ?»

«ጨምር። ለመገላበጫም አንድ ክንድ ጨምር።»

ሣሩን አውርደው፣ በዚያ ሁሉ ቦታ መሐል አንዲት ትንሽ ጎጆ ሠሩ። አሥር ሸክም ፈጀች። ሁለቱን አህያ አስቀረቻቸው። የመጀመሪያው ካፊያ ሲወርድ ጎጆዋ በአንድ ጥግ አፈሰሰች፤ በአንዱ ሸክም ደፈኑት። ጅብ ደረቅ መኝታው ላይ ወዲህ ተገላበጠ፣ ወዲያ ተገላበጠ፤ በሳቅ ሸለቆውን አናወጠው።

ዶፉ ሲበረታ ቀበሮ ውኃ እያንጠባጠበች ደረሰች።

«አያ ጅቦ፣ ትንሽ ቦታ ብቻ!»

«ስንት ክንድ ይበቃሻል?»

«ስንት ክንድ ይተርፍሃል?»

ጅብ ቆም ብሎ አሰበ። ማሰብ ልማዱ አይደለም፤ ይህችን ጥያቄ ግን ያውቃታል።

«አሥራ ሁለት ሸክም ሣር ይዘሽ ነይና እንነጋገር» አላት።

አህያ ዶፉ ሳይጀምር ቤቷ ገብታለች። ከጅብ ጋር ማደር ከሒሳቧ ውስጥ አልነበረም። አዲሲቱ ጎጆ ውስጥ የቀረው ጅብ ብቻ ነው፤ ውጭ የቀረችው ቀበሮ።

ከዚህ የምንማረው ጣሪያ ከመንካታችን በፊት ሥራው የሚፈልገውን እንጂ እኛ ያለንን ብቻ መቁጠር እንደማይበቃ፣ ለማይታየውም አንድ ሸክም ማስቀረት እንዳለብን ነው።