ከኋላ በስፒል የተያዘው ቀሚስ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ።

ቆይ ትርሲት፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ትናንት መጽሔቱን ከፍተሽ ይዘሽልኝ መጣሽና «እማዬ፣ ለእንቁጣጣሽ ይቺን ልጅ ለመምሰል ምን ምን መብላት ልተው?» አልሽኝ። እኔም «ሂጂ ወዲያ፣ ሥራ አለብኝ» ብዬ መለስኩሽ። ሥራ ኖሮብኝ አይደለም፣ ደንግጬ ነው። ገና አሥራ አንድ ዓመትሽ ነው። መልሱን በቀጥታ ልነግርሽ ብዬ ሞከርኩ፣ አፌ ላይ አልመጣ አለ። ስለ ሰፊው ግን ልነግርሽ እችላለሁ። ቁጭ በይ።

ሰፊው በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ሱቅ ነበረው። ሱቁና ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ የሚለያቸው መጋረጃ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናው፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋና ምድጃ። ሚስቱ ሞታበት አንዲት ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ በኋላ እንዳትረግሚው ነው። የልጁን ጸጉር መጎንጎን እንኳ ከጎረቤት ሴቶች ተምሮ ነበር። ጠማማ ይሆንበታል እንጂ ይጎነጉናል።

አንድ ዓመት ግንቦት ላይ መጽሔት የሚያዘጋጁ ሰዎች ከትልቁ ከተማ መጡ። ክረምቱ ሲወጣ ሰው ምን እንደሚለብስ የሚያሳይ መጽሔት ነው። ሐይቁ ዳር ፎቶ ሊያነሱ አንዲት ቀጭን ልጅ ይዘዋል። የበሰለ ብርቱካን የሚመስል ቀሚስም ይዘዋል። ቀሚሱ ግን ልጅቷን ሰፋት፤ እንደ ድንኳን ዋጣት። ሮጠው ሰፊው ጋ ገቡ።

ሰፊው አገላብጦ አየና «ፈትቶ ማጥበብ ግማሽ ቀን ይፈጃል» አላቸው።

ፎቶ አንሺው ሳቀ። «ጋሼ፣ ፀሐይዋ ልትሄድብን ነው እኮ! ከኋላ ማን ያያል? ሰብስብና ስፒል ሰካበት።»

ሰፊው ጨርቁን ከጀርባዋ ላይ በእጁ ሰበሰበ። ከአንገቷ እስከ ወገቧ አሥራ ሰባት ስፒል ሰካ። ከፊት ሲያዩት ቀሚሱ ገላዋ ላይ የበቀለ መሰለ። ከኋላ ግን እንደ ጃርት ሆነች። መቀመጥ አልቻለችም፣ ጎንበስ ማለትም አልቻለችም። ስፒሉ እንዳይወጋት ቀጥ ብላ ስትቆም ያ መቆሟ በፎቶው ላይ ኩራት መሰለ።

ፎቶው ተነስቶ ሲያበቃ ተመልሳ መጣች፤ ሰፊው አንድ በአንድ ነቀለላት። «እፎይ» አለችና ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠች። ሰፊውን አሳዘነችው። ለልጁ ካስቀመጠው ዳቦ ቆርሶ ሰጣት። ልጅቷ ዳቦውን ተቀበለች፣ አሸተተችው፣ ከዚያ መለሰችለት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ነገም ፎቶ አለብኝ» አለች።

ሰኔ ሲያልቅ መጽሔቱ ወጣ። ያቺ ልጅ ከነቀሚሷ ሙሉ ገጽ ይዛለች። ከበላይዋ በትልቁ «የመጸው ምኞት» ተብሎ ተጽፏል። ሰፊው ገጹን ቀዶ የሱቁ በር ላይ ለጠፈው። በእሱ ቤት እኮ ነው የተሠራው፣ ለምን አይለጥፍ? ሴቶች መጡ። «ይሄን፣ ልክ ይሄን» አሉት።

መጀመሪያ የመጣችው የዳቦ ቤት ባለቤት ናት። ሰፊው ወግ ባለው መንገድ ልኳን ወሰደ፣ እንደ ልኳ ሰፋላት። መስታወት ፊት ቆመችና «ይሄማ ያ አይደለም» ብላ ጥላለት ሄደች። ደግሞ ሌላዋም እንዲሁ አደረገች። ሰፊው ከዚያ በኋላ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተወው። በፎቶው ቅጥነት ወረቀት ቆረጠ፤ የሁሉንም ቀሚስ በዚያች ወረቀት መቁረጥ ጀመረ።

አንዲት ወፈር ያለች ቀልደኛ ሴት ልትለካ መጣች። ቀሚሱ ትከሻዋን አላልፍ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን የሰፋኸው ለእኔ ነው ወይስ ለክንዴ?»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። ሰፊውም አብሮ ሳቀና «ቀሚሱስ ደህና ነው እትዬ፣ ጥፋቱ የሰውነትዎ ነው» አላት። እንደ ቀልድ ነው የወጣው። ሴቶቹን ሳቁ ባሰባቸው። እሷም ሳቀች፤ የእሷ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። ቀሚሱን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ሄደች እንጂ አልመለሰችውም።

ሰፊው ያን ቀን አንድ ነገር ተማረ። ያፈረ ሰው ልብስ አይመልስም።

ከዚያ ወዲህ የመጣችው ሁሉ ቀሚሱ ሲጠባት ያንኑ ይላታል። በጣቱ ወደ በሩ ያሳይና «እሷ እንዴት ገባት ታዲያ? ትንሽ ቀነስ ቢያደርጉ እኮ ይገባል» ይላል። ሴቶቹም አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ። ስለ ስፒሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ማንም ስላልጠየቀው መዋሸት እንኳ አላስፈለገውም።

ከመጋረጃው ወዲያ ልጁ አለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትጽፋለች፣ ትሰማለች። አንድ ቀን «አባዬ፣ ለእኔም ትሰፋልኛለህ?» አለችው። ደስ አለው። ከተረፈው ጨርቅ ለእንቁጣጣሽ ሰፋላት፤ ያውም በዚያችው ወረቀት ቆርጦ። የገዛ ልጁን ልክ አልወሰደም። እሷም እሱ በሌለበት ለካችው፤ ዳሌዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። አውልቃ፣ አጥፋ፣ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ለአባቷ አልነገረችም። ምን ብላ ትንገረው? ምን እንደሚል ታውቃለች።

ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ የልጆችም ጾም ነው፣ ታውቂያለሽ። ልጅቷ እጾማለሁ አለች። ሌሎች ልጆች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ማዕድ ላይ ይረባረባሉ። እሷ አንድ እፍኝ ሽምብራ ትቆረጥማለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ በቃኝ ትላለች። ሰፊው ልቡ ሞላ። ለደንበኞቹ «የእኔዋ እኮ ከቄሱ ትብሳለች!» እያለ ያወራል። እነሱም «ታድለህ! ምን ዓይነት ልጅ ሰጠህ!» ይሉታል። ልጅቷ ምስጋናውን ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ትሰማለች።

ጎረቤታቸው አንዲት ጠላ ሻጭ ባልቴት ናት። እሷ ብቻ አላመሰገነችም። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ «ወንድሜ፣ የልጅህ ዓይን ጉድጓድ ገብቷል። የስንት ሰው ጾም ነው የምትጾመው?» አለችው።

ሰፊው ተቆጣ። «አንቺ ስትጾሚ አላየሁሽ! በልጄ ጽድቅ ትቀኛለሽ?»

ባልቴቲቱ ማድጋዋን አንስታ ሄደች።

ጾሙ ተፈታ። ሰፊው ዶሮ አረደ። ልጅቷ «እኔ እስከ ጳጉሜን ሩፋኤል ተስያለሁ» አለችው። ስለት ደግሞ የስለተኛው ምሥጢር ነው፤ ለምንድን ነው ተብሎ አይጠየቅም። እሱም አልጠየቀም። ዶሮውን ብቻውን በላ። በስለት ምክንያት ቤቱ የተባረከ መሰለው።

ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ ሩፋኤል፣ እንደ ልማዱ ዝናቡ ጣለ። የሰፈሩ ልጆች እየጮኹ ወጡ፤ በሩፋኤል ዝናብ የማይታጠብ ልጅ የለም። ሰፊው መኪናውን አቁሞ በሩ ላይ ቆመ። ባልቴቲቱም በጎኑ ቆማለች። ልጆቹ ጭቃውን እየረገጡ ይዘላሉ፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ ያነሳሉ።

ከመካከላቸው አንዲቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። የለበሰችው ስስ ጨርቅ ረጥቦ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። የጀርባ አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ትከሻዋ ላይ ሁለቱ አጥንቶች እንደ ማረሻ ወጥተዋል።

ሰፊው «ኧረ ይቺ የማን ልጅ ናት? አብልቶ የሚያሳድር አባት እንኳ የላትም?» አለ።

ባልቴቲቱ ቀና ብላ አየችው።

ልጅቷ ዞረች።

ሰፊው ጭቃው ውስጥ ሮጠ። አንስቶ ሲያቅፋት ክብደቷ የጨርቅ ጥቅል ነው። ወደ ቤት አስገባት፣ በብርድ ልብስ ጠቀለላት፣ እሳት አነደደ። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ገጽ ቦጭቆ አመጣና ከፊቷ ተንበረከከ።

«ልጄ፣ ይሄ ውሸት ነው። ቀሚሱ ሰፍቷት ነበር። እኔ ነኝ ከኋላ በስፒል የሰበሰብኩት። በዚህ እጄ! አሥራ ሰባት ስፒል! እሷም እንዲህ አይደለችም። ማንም እንዲህ አይደለም።»

ልጅቷ ጥርሷ እየተንገጫገጨ «አውቃለሁ አባዬ» አለችው። «ስትሰካላት በመጋረጃው ቀዳዳ አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«አንተ ግን ለሴቶቹ ሁሉ ጥፋቱ የሰውነታችሁ ነው አልካቸው። አባቴ አይዋሽም አልኩ። ዓይኔ ነው የተሳሳተው አልኩ።»



ሆስፒታል ወሰዳት፣ ጠበልም ወሰዳት። እንቁጣጣሽ መጣ፣ ጓደኞቿ እየዘፈኑ በየቤቱ ሲዞሩ እሷ ተኝታ ድምፃቸውን ሰማች። ሞተች ወይ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። አልሞተችም። ዛሬም አለች። ጸጉሯ ሳስቷል፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይደክማል። ሰፊው ያቺን የልክ ወረቀት አቃጠለ፤ ሴቶቹን አንድ በአንድ ቤታቸው ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀሚሳቸውን እንደ ልካቸው ሰፋላቸው። ይቅር አሉት። ቀልደኛዋ እንኳ «ክንዴም ይቅር ብሎሃል» አለችው።

ከልጁ ጋር ያለው ነገር ግን አልተመለሰም። ማዕድ ሲቀርብ «ብዪ ልጄ፣ አንቺኮ ቆንጆ ነሽ» ይላታል። ከልቡ ነው የሚላት። እሷ ግን ቀና ብላ ታየዋለች፤ ለደንበኛ የሚናገር ይመስላታል። ትንሽ ቀምሳ ትተወዋለች። ያ ሰው አሁን እውነቱን ቀን ከሌት ይናገራል፣ የሚያምነው ሰው ግን በቤቱ ውስጥ የለም።

ትርሲት፣ ሰፊው ማን እንደሆነ ገባሽ?

እኔ ነኝ።

መጽሔቱን ልረግመው አስቤ ነበር። ቀድጄ ምድጃ ልጨምረውም አነሳሁት። ከዚያ አሰብኩት። ሥዕል አፍ የለውም። ወረቀት ነው። ያቺ ልጅ «አንቺ አስቀያሚ ነሽ» ብላሽ አታውቅም። አፍ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ወንድምሽን ከወለድኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ «ይሄን ሆድ የት ልደብቀው፣ አበቃልኝ» ስል አንቺ ከኋላዬ ጸጉርሽን እያበጠርሽ ነበር። ለራሴ የምናገር ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ከአክስትሽ ጋር በስልክ ሳወራ ደግሞ «ትርሲትማ ዳሌዋ የአያቷን ወጥቷል፣ ምስኪን» ብዬ ሳቅሁ። አንቺ ሰሃን ታጥቢ ነበር። የውሃው ድምፅ ለአንድ አፍታ ቆመ። ሰማሁት ትርሲት። መቆሙን ሰማሁት፤ ወሬዬን ግን ቀጠልኩ።

ምን ልተው ብለሽ ጠየቅሽኝ። አንቺ የምትተዪው ነገር የለም፤ የምተወው እኔ ነኝ። ያንን አፌን እተዋለሁ። በአንድ ቀን ይለቀኛል ብዬ አልዋሽሽም፤ ሲያመልጠኝ «እማዬ» በይኝ።

ቆንጆ ነሽ ልልሽ ነው አሁን። ታምኚኛለሽ? አላውቅም። ከትናንት ጀምሮ የምፈራው ይህንን ነው፤ ዘግይቼ እንዳይሆን ነው። ምግብ ሳቀርብልሽ ስንት ጊዜ «እኔ በኋላ» እንዳልኩሽ፣ በኋላም እንዳልበላሁ አንቺ ታውቂያለሽ። ነይ፣ ምሳው እንዳይቀዘቅዝ። የአፌን ነገር ማመን ቢያቅትሽ አልፈርድብሽም። ዝም ብለሽ እጄን እዪ። ዛሬ መጀመሪያ የምቆርሰው እኔ ነኝ።