ቆቋና የወንዙ ሦስት ዘቦች

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ጆሯችሁን አውሱኝ። የማወራችሁ ስለ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ትንሽ ትልቅ ብሎ አይመርጥም።

በድሮ ዘመን፣ ስሙ በተረሳ አገር፣ ከተራራ ወርዶ ሐይቅ የሚገባ አንድ ወንዝ ነበረ። በበጋ ጥጃ ይሻገረዋል። ክረምት ሲገባ ግን ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ይሄዳል። እናም የጥንት እንስሳት መክረው ለወንዙ ሦስት ዘቦች አቆሙለት። አባ ዝንጀሮ ከገደሉ አናት ሆኖ ደመናውን ይጠብቃል። እትዬ ጃርት ከመሃል ሆና ትርፉን ውሃ አዙሮ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን ቦይ ትጠብቃለች፤ የቦዩን አፍ በጭቃና በእሾህ የምትደፍነውም የምትከፍተውም እሷ ናት። ጋሽ ጉማሬ ደግሞ ከታች፣ ወንዙ ሐይቁ ከሚገባበት ሆኖ፣ በሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል እየረገጠ የውሃውን መውጫ ይጠርጋል።

የአንዱ ሥራ ያለ ሌላው ከንቱ ነበር። ዝንጀሮ "ውሃው መጣ" ካላላት ጃርት ቦዩን መቼ እንደምትከፍት አታውቅም። ጉማሬ ደንገሉን ካልረገጠ የተከፈተውም ቦይ ሞልቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ክረምቱ ሳይከብድ፣ ሦስቱ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተቀምጠው በምልክታቸው ይስማሙ ነበር።

ነበር ነው እንግዲህ። ሦስት ክረምት ሆነ፣ አልተቀመጡም።

ለምን በሉኝ። በዚያ አገር የተቀመጠ ለመጪው ብድግ ብሎ "ኖር!" ይላል፤ መጪውም "በእግዜር!" ብሎ ይቀመጣል። መልካም ወግ ነው። ታዲያ አያ ቀበሮ አንድ ቀን ወደ ሦስቱም በየተራ ሄደና ሹክ አላቸው።

"ቀድሞ የደረሰ ለኋለኛው ይነሣል። የሚነሣ ደግሞ ታናሽ ነው። እርስዎን የሚያህል ታላቅ ለእነሱ ብድግ ሊል ነው?"

ይህ ወሬ እንደ መዥገር ተጣበቀባቸው። ከዚያ ወዲህ በቀጠሮው ቀን ሁሉም ይመጣል፤ ግን ከቁጥቋጦ ኋላ ተደብቆ ሌሎቹ እስኪቀመጡ ይጠብቃል። ሦስቱም እንደተደበቁ፣ ከዋርካው ሥር ማንም ሳይቀመጥ፣ ቀኑ ያልቃል። "ንቀውኝ ቀሩ" እያለ ሁሉም አኩርፎ ይገባል።

ቀበሮስ ምን ተጠቀመ? ጎርፍ ባለፈ ማግስት በወንዙ ዳር እየተዘዋወረ ውሃ የተፋውን ይለቅማል። ጥንቸል ይለቅማል፣ ድኩላ ይለቅማል፣ ጫጩት ይለቅማል። ሦስት ክረምት ለቅሞ ለቅሞ ሆዱ መሬት ሊነካ ደርሷል።

በወንዙ ዳር፣ ከዋርካው አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ከረጅሙ ሣር ውስጥ አንዲት ቆቅ ሰባት እንቁላል ታቅፋ ነበር። የአምናዎቹን ውሃ ወስዶባታል። ትልልቆች ፊት መቆም የምትፈራ፣ ጥላዋን አይታ የምትደነግጥ ፍጥረት ናት። እናቷ "ልጄ፣ ከጎጆሽ አጠገብ አትጩኺ፤ የጮኸች ቆቅ ቤቷን ለቀበሮ አሳየች" ብላት ነበር። እሷም ከጎጆዋ አጠገብ አንድ ቀን ጮኻ አታውቅም።

አንድ ጠዋት ከእንቁላሎቹ ውስጥ "ጪ" የሚል ድምፅ ሰማች። ሊፈለፈሉ ነው! ገና ደስ ሳይላት ከተራራው በኩል ሌላ ድምፅ መጣ።

ጉም! ጉም! ጉርርር!

ቀና ብላ ብታይ ተራራው የለም። ደመና ውጦታል። ወንዙም ቀለሙ ተለውጦ ገለባና ቅጠል ይዞ ይወርዳል። ምን ታድርግ? ጫጩት ቢሆን ይከተላታል፤ እንቁላል እግር የለው። አንዱን በደረቷ ገፋ ገፋ አደረገችው፤ ሣሩ ያዘው። ስለዚህ ሁሉንም በሣር ሸፈነቻቸውና ወደ ገደሉ በረረች።

"አባ ዝንጀሮ! ደመናውን አላዩትም?"

"ካንቺ በፊት ነው ያየሁት! የማየት ሥራ የማን ሆነና?"

"ታዲያ ለእትዬ ጃርት ይንገሯት! እንቁላሎቼ ሊፈለፈሉ ነው።"

"ቀጠሯችን ዛሬ አይደል? እዚያው እነግራታለሁ። ግን ቀድሜ ሄጄ ለዚያች እሾሃም ብድግ ልበል? እኔ?" ደረቱን መታ። "ሌሎቹ ይቀመጡና እመጣለሁ።"

ጉም! ጉም! ጉርርር!

ቆቅ ወደ ጃርት ወረደች።

"እትዬ ጃርት፣ ውሃው መጣ! ቦዩን ይክፈቱት!"

"ማን አለ? አንቺ?" አለች ጃርት እሾኋን እያንኳኳች። "ጉማሬ ታች ደንገሉን ሳይረግጥ እኔ ብከፍት ውሃው ተመልሶ እኔኑ ይዘፍቀኛል።"

"ይጠይቁታ!"

"ያንን ጎታታ? ሌሎቹ ይቀመጡና እመጣለሁ።"

ወደ ሐይቁ በረረች። ጋሽ ጉማሬ እስከ አፍንጫው ተዘፍቋል።

"ጋሽ ጉማሬ፣ ደንገሉ መውጫውን ዘግቶታል። ይርገጡት፤ በልጆችዎ!"

ጉማሬ አንድ ዓይኑን ገለጠ። "ማን ላከሽ?"

"ማንም። እኔው ነኝ።"

"እህ! የቆቅ ወሬ ሰምቼ ልነሣ? ሌሎቹ ይቀመጡና እመጣለሁ።"

ቆቅ እያለከለከች ስትመለስ ከመንገዷ ላይ አያ ቀበሮ ተቀምጦ አገኘችው።

"ደህና ዋልሽ፣ ቆቂቱ" አላት በለስላሳ ድምፅ። "ደረትሽ ላይ ላባው ሳስቷል። ታቅፈሻል ማለት ነው። ጎጆሽ የት ነው? ልጠብቅልሽ።"

"የለኝም... ከተራራው ማዶ ነው" አለች።

"የለኝም ነው ወይስ ማዶ ነው?" ቀበሮ ከንፈሩን ላሰ። "ግድ የለም፣ አትንገሪኝ። እኔ ምን አደከመኝ! ውሃው ራሱ ያመጣልኛል።"

ይህን ብሎ በወንዙ ዳር ካለች ጉብታ ላይ ወጥቶ ተጋደመ።

ቆቅ ዞራ ዞራ፣ እንዳያያት በሣር ውስጥ ተሽሎክልካ፣ ዋርካው ጋ ደረሰች። ከሥሩ ማንም የለም። ቅርንጫፉ ላይ ወጥታ ወደ ታች ስትመለከት ግን ጉድ አየች! ከቀጋው ኋላ የዝንጀሮ ጭራ ተርፏል። ከአጋሙ ኋላ የጃርት እሾህ ቆሟል። ጉማሬማ ምን ሊደብቀው! ክትክታው የሸፈነው አፍንጫውን ብቻ ነው። ሦስቱም በአንድ ድንጋይ ውርወራ ውስጥ ሆነው አንዱ ያንዱን መቀመጥ ይጠብቃል።

ከዚያ ወደ ላይ ተመለከተች። ከወንዙ መታጠፊያ ቡናማ ነገር ብቅ አለ። ውሃ አይመስልም፤ የሚሮጥ ግድግዳ ይመስላል። ግንዶች በላዩ ይገለባበጣሉ። ከግንዶቹ መሃል የአንዲት ፍየል ቀንድ ታየና ጠፋ።

ጉም! ጉም! ጉርርር!

ጎጆዋ ከዚያ ከታችዋ ነው። ቀበሮም ከጉብታው ላይ ጆሮውን አቁሟል። ብጮህ ቤቴን ያገኘዋል። ዝም ብል ውሃው ያገኘዋል፤ አለች በልቧ። እንደ ልማዷ ጭንቅላቷን በክንፏ ውስጥ ልትቀብር ቃጣት። ያ "ጪ" የሚለው ድምፅ ግን ከጆሮዋ አልወጣ አለ።

ቅርንጫፉ ላይ ብድግ አለችና ባላት ትንፋሽ ሁሉ ጮኸች።

"ኖር! አባ ዝንጀሮ ከቀጋው ኋላ፣ ኖር! እትዬ ጃርት ከአጋሙ ኋላ፣ ኖር! ጋሽ ጉማሬ ከክትክታው ኋላ፣ ኖር! ለሁላችሁም እኔ ተነሥቻለሁ! ውሃው ደረሰ!"

ሦስቱም ደንግጠው ከየቁጥቋጧቸው ብቅ አሉ። ተያዩ።

"አንተ እዚህ ነበርክ?" አለች ጃርት ዝንጀሮን።

"ከቅድም ጀምሮ። አንቺስ?"

"እኔም ከቅድም።"

"ቀበሮ እኮ 'የሚነሣ ታናሽ ነው' ብሎኝ..."

"እኔንም ቀበሮ ነው ያለኝ!" አለ ጉማሬ። እፍረት በዚያ ሁሉ ቆዳው ላይ ሮጠ።

ለመተፋፈር ግን ጊዜ አልነበረም። ዝንጀሮ ዋርካው ላይ ወጣ። "ጋሽ ጉማሬ፣ ሩጥ! እትዬ ጃርት፣ ከቦዩ አፍ ሁኚ፤ እኔ ሳልልሽ እንዳትከፍቺ!" ጉማሬ ምድሩን እያንቀጠቀጠ ወረደና ደንገሉን በአራት እግሩ ያደቅቀው ጀመር። ጃርት ጭቃውን በጥፍሯ ይዛ ዓይኗን ከዝንጀሮ አልነቀለችም።

ቆቅ ወደ ጎጆዋ ወረደች።

ቀበሮ ቀድሟታል። ሁለቱን እንቁላል ውጦ ሦስተኛውን በአፉ ይዟል። ቆቅ ያን ጊዜ ፍርሃቷ የት እንደገባ አታውቅም፤ ዓይኑ ላይ ዘለለች፣ በክንፏ ፊቱን ደበደበችው። ቀበሮ አፈገፈገ። የውሃው ጩኸትም ቀርቦ ነበርና፣ እንቁላሉን እንደያዘ ወደ ማዶ ሊያመልጥ በዋርካው አጠገብ የሚያልፈው ደረቅ ቦይ ውስጥ ዘሎ ገባ።

ልክ ያን ጊዜ ዝንጀሮ "አሁን!" አለ። ጃርት ከፈተች።

ውሃው በቦዩ ውስጥ እንደ ኮርማ ነጎደ። ቀበሮን ከእግሩ አነሣው። ከዳሩ የዋርካው ሥር ተንጠልጥሏል፤ አፉ ሊደርስበት ይችላል።

"ነክሰህ ያዝ!" ብላ ጮኸችለት ጃርት፤ ጠላትም ቢሆን ሲሰምጥ ማየት ከብዷት። "ሥሩን ነክሰህ ያዝ!"

ሊነክስ አፉን መክፈት አለበት። አፉን ከከፈተ እንቁላሉ ይወድቃል። ቀበሮ ሥሩን አየ፤ ጥርሱን ግን አላላላም። ውሃው ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ቆቅ በቀሩት አራት እንቁላሎች ላይ ተኛች። ውሃው በሣሩ ውስጥ እየተንሸራተተ መጣ። ጭራዋን ነካት። ቀጥሎ እግሯን፣ ቀጥሎ ደረቷን። ዓይኗን ጨፈነች፤ ክንፏን ግን ዘረጋች እንጂ አልሰበሰበችም። እንዲህ ሆና ስትጠብቅ ከታች ከሐይቁ በኩል የጉማሬ ድምፅ አስተጋባ። "ተጠርጓል! መውጫው ተጠርጓል!"

ውሃው ቆመ። ጥቂት አሰበ የሚመስል ቆይታ ቆየ። ከዚያ ወደ ኋላው ተጎተተ።

በማግስቱ አራት ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ሦስቱ ጎድለዋል፤ ቆቅም ለሦስቱ አለቀሰች፤ አራቱን ግን ከሥሯ ሰብስባ አሞቀች። ዘቦቹም ከዚያ ዓመት ወዲህ ምልክታቸውን ቆመው ተነጋግረው ሳይጨርሱ አይቀመጡም፤ ማን ቀደመ፣ ማን ዘገየ የሚልም ቀረ። በዚያ ወንዝ ዳር ያሉ ሽማግሌዎችም ለልጆቻቸው ዛሬ ድረስ እንዲህ ይላሉ፦

ዘብ ከዘብ ሲኮራረፍ፣ አገር ጠርጎ ይሄዳል ጎርፍ።