ግድግዳ ላይ የቀረው ወገል

አንድ ገበሬ ነበረ። ቆይ፣ አታቋርጠኝ! «ፕሮግራሙ እኔ ኮምፒውተር ላይ እኮ በደንብ ይሠራል፤ ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል፤ እየመለስኩልህ ነው።

እሱና ጎረቤቶቹ የጋራ የእርሻ ዕቃ ነበራቸው። ሞፈሩም ቀንበሩም ማረሻውም አንዲት ጎጆ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተራው የደረሰ ወስዶ ያርሳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። በሱ ተራ ወገሉ ተሰበረ፤ ድግር የሚባለውን እንጨትና ማረሻውን አጥብቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ማለቴ ነው። ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ አዲስ አሠራ፤ እንዲያውም ከድሮው የተሻለ። አረሰበትም። ዕቃውን ሲመልስ ግን ከጎጆው የወሰደውን ብቻ መለሰ፤ አዲሱን ወገል ፈትቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ክፋት አልነበረውም። አላሰበም፣ በቃ!

በማግስቱ ተራው የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበር። ዝናቡ ጥሏል፤ በሬዎቹን የተዋሰችው ለዚያች ቀን ብቻ ነው። ወንድሟ ሊያርስላት ቢጠምድ ወገል የለም። ከሌላ እንዳይዋሱ ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነው። ሴትዮዋ ገበሬው ወደሄደበት ገበያ ሮጠች። «ማረሻው እኮ...» ከማለቷ ቱግ አለ፤ ወገሉ እስክትል እንኳ አልጠበቃትም።

«ትናንት እኔ ማሳ ላይ ቀጥ አድርጎ አርሷል! ወንድምሽ ማረስ ካልቻለ እኔ ምን ላድርግ?»

በሰው ፊት አዋረዳት። አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። እሱ ቤቱ ሲገባ ወገሉን ግድግዳው ላይ አየውና ክው አለ። ይዞ ሮጠ፤ ግን በሬዎቹ ወደ ባለቤታቸው ሄደዋል። በዚያ ዓመት ማሳዋ ጦሙን አደረ፤ ልጆቿም ተራቡ።

አሁን ስማኝ ምንተስኖት። ገበሬው አንተ ነህ! ለፕሮግራሙ አዲስ ፋይል ጻፍክ፤ ጎበዝ። ወደ ጋራው የኮድ ማከማቻ የላክኸው ግን ድሮ የነበሩትን ብቻ ነው። ማከማቻው ጠንቋይ አይደለም፤ ይህንንም ጨምር ካላልከው አንተው ጋ ይቀራል። አብራህ የምትሠራው የውብዳር ከማከማቻው የወሰደችው ያንን የጎደለውን ፕሮግራም ነው። ደንበኞች ፊት ቆማ አልሠራ ሲላት ደወለችልህ። ምን አልካት? «መክፈት እንኳ አትችይም እንዴ?» ይኸው አለቃዋ ከፕሮጀክቱ ሊያስወጣት ነው። ትንሽ አያሳፍርህም?

ፋይሉን አሁኑኑ ጨምር። ከዚያ ደውል። ለሷ አይደለም፣ ለአለቃዋ! «ጥፋቱ የኔ ነው» በለው፤ እኔ እዚሁ ቆሜ እሰማለሁ።